አንብቦ መረዳትና አጽሕሮተ ጽሑፍ፦ ከንባብ ቤት እስከ መማሪያ ክፍል



ዛሬ የማነሣው አንድ ጥያቄ ነው። ተማሪዎቻችን አቀላጥፈው ያነበቡትን ጽሑፍ አሳጥራችሁ ጻፉ ሲባሉ፣ ከፊሉን ቆርጠው የሚገለብጡት ስለ ምንድን ነው? እንደ እኔ እምነት፣ ማንበብን አስተማርናቸው እንጂ በሐሳቦች መካከል ያለውን ዝምድና መፈለግን አላስተማርናቸውም።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የቆየው የቤተ ክህነት ትምህርት ንባብንና ትርጉምን በየቤቱ ለይቶ ያስተምራል። ልጁ በንባብ ቤት 150ውን መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ይዘልቃል፤ ምሥጢሩ የሚገለጥለት ግን ቅኔ ቤትና ትርጓሜ ቤት ሲገባ ነው። በዚያ መምህሩ ንባቡን ይተረጉማል፣ «አንድም» እያለ ሌላ ፍቺ ያክላል፤ ተማሪውም የሰማውን መልሶ ይናገራል። የዳዊት ተማሪው ንባቡ ባይገባው ቋንቋው ግእዝ ነውና አይፈረድበትም። የእኛ ተማሪ ግን የሚያነበው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። መምህሩ ይህን ምንባብ ሰጠ እንበል፦ «ጓሳ በመንዝ ደጋ ይገኛል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ነዋሪው ለቤት ክዳን የሚሆነውን የጓሳ ሣር ለዓመታት ሳያጭድ ጠብቆ፣ በተወሰነለት ጊዜ ብቻ ያጭድ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ይህ ሥርዓት ተዳከመ።»

አንዱ ተማሪ «ጓሳ በመንዝ ይገኛል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል» ብሎ ይጽፋል። አጭር ነው፤ ስሕተትም የለበትም፤ አጽሕሮት ግን አይደለም። ሌላዋ «የጓሳን ሣር ይጠብቅ የነበረው የነዋሪው የጋራ ሕግ ከአዋጁ በኋላ ላላ» ትላለች። «የጋራ ሕግ» የሚለው ሐረግ በምንባቡ ውስጥ የለም። «ሳያጭድ»፣ «በተወሰነለት ጊዜ» እና «ሥርዓት» የሚሉትን አዛምዳ ያወጣችው ስያሜ ነው። መረዳት የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንልመድ። መጀመሪያ፣ ተማሪው መጽሐፉን ከድኖ ያነበበውን በቃሉ ይናገር። ቀጥሎ፣ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር «ይህ ቢወጣ ምን ይጎድላል?» ብሎ ይጠይቅ። በመጨረሻም በራሱ ቃል ጽፎ ከምንባቡ ጋር ያመሳክር፤ ያልተባለ ነገር ጨምሮ እንደሆነም ይመርምር። ክፍሉ ብዙ ተማሪ ያለበት ከሆነ፣ ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርስ ይተራረሙ።

የቀረው የእኛ የእርማት ነገር ነው። ለተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ሙሉ ነጥብ እስከ ሰጠን ድረስ፣ ተማሪው ከእኛ የሚማረው መገልበጥን ነው።