ሻልከ እና ዶርትመንድ፦ የከሰልና የብረት ልጆች ደርቢ

በምዕራብ ጀርመን፣ ሩር በሚባለው አካባቢ፣ የሁለት ጎረቤት የእግር ኳስ ክለቦች ደጋፊዎች አንዱ የሌላውን ስም መጥራት እንኳ አይወዱም። ለሻልከው ደጋፊ ዶርትመንድ «ሰሜን ሉደንሻይድ» ነው፤ ለዶርትመንዱ ደግሞ ሻልከ «ምዕራብ ሄርነ» ነው። ሁለቱም ስሞች የተወሰዱት ከሌሎች የአካባቢው ከተሞች ነው። የሻልከ መኖሪያ ጌልዘንኪርሸን ከዶርትመንድ የሚርቀው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

የሻልከ ሰፈር ወጣቶች ክለባቸውን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1904፣ በድንጋይ ከሰል ማውጫዎች መካከል ነው። ተጫዋቾቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በማዕድን ቆፋሪ ስም ነው። ቦሩሲያ ዶርትመንድን በ1909 ያቋቋሙት ደግሞ ቄሳቸው ኳስ መጫወታቸውን የተቃወመባቸው የአንድ ካቶሊክ አጥቢያ ወጣቶች ናቸው። ሰፈራቸው የሆሽ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞች የሚኖሩበት ነበር። ብረት ያለ ከሰል አይቀልጥምና የሁለቱ ወገን እንጀራ የተያያዘ ነበር። ፉክክሩ የከረረውም ስለሚመሳሰሉ ነው፤ ሥራቸው፣ ድካማቸውና ኩራታቸው አንድ ዓይነት ነበር።

በ1925 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ሻልከ 4 ለ 2 አሸነፈ። ቀጥሎም ተጫዋቾቹ ኤርንስት ኩዞራና ፍሪትዝ ሼፓን እየመሩት ከ1934 እስከ 1942 ባሉት ዓመታት ስድስት ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። የኃይል ሚዛኑ የተቀየረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ በ1947 የዌስትፋሊያ ፍጻሜ ዶርትመንድ 3 ለ 2 ረታ። ሻልከ ለመጨረሻ ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን የሆነው በ1958 ነው።

ደርቢው ሊታመን የማይችል ቀን አያጣም። በታኅሣሥ 1997 የሻልከው ግብ ጠባቂ የንስ ሌማን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ወደ ፊት ሮጦ፣ ኳሷን በግንባሩ ገጭቶ ጨዋታውን 2 ለ 2 አደረገ። ይኸው ሰው ኋላ ለዶርትመንድ መጫወቱ ብዙዎችን አስደንግጧል። በ2007 ሻልከ ሊጉን እየመራ ዶርትመንድ ሄዶ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ ዋንጫውንም ሽቱትጋርት ወሰደው። በ2017 ደግሞ ዶርትመንድ ገና ከእረፍት በፊት 4 ለ 0 ቢመራም ሻልከ አራቱንም መልሶ አቻ ወጣ።

ሻልከ በ2021 ወደ ሁለተኛው ሊግ ወረደ፤ በ2022 ቢመለስም በ2023 እንደገና ወረደ። ያን ጊዜ የዶርትመንድ ደጋፊም ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቃትን ቀን አጣ።

የሩር የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ማውጫ በታኅሣሥ 2018 ተዘግቷል። በሻልከ ስታዲየም ግን ተጫዋቾች ወደ ሜዳ የሚወጡት የማዕድን ዋሻ በሚመስል መተላለፊያ ነው። አያት የወረደበት ጉድጓድ ቢደፈንም፣ የልጅ ልጅ የማን ዘር እንደሆነ በማሊያው ይናገራል። ይህን ደርቢ ከዘጠና ደቂቃ ጨዋታ በላይ ያደረገው የሠራተኛ ቤተሰቦች ታሪክ ነው፤ ክብርም የሚገባው ለዚሁ ነው።