ቆጣሪው የማያውቀው ጎማ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ነን። ወንድሜ ከጎኔ ተቀምጦ ስልኩን ወደ መስታወቱ አስጠጋና "ያንተ ስንት ይላል?" አለኝ። የቪትዟ ቀስት 80 ላይ ነበረች። "የኔ 83 ይላል" አለ። ስልኩ ፍጥነቱን የሚያሰላው ከሳተላይት በሚያገኘው መረጃ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱም ቀጥ ብሎ ስለነበር የሚያሳስተው ነገር አልነበረም። እግሬን ነዳጅ መስጫው ላይ ሳላንቀሳቅስ ደጋግመን አስተያየን። ልዩነቱ ያው ነው። መኪናዋን ከገዛኋት ሁለተኛ ወሬ ነበርና፣ ቆጣሪው አርጅቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ፣ ሚስማር የወጋውን ጎማ ላስጠግን ሰፈር ካለ ጎሚስታ ዘንድ ስቆም ነው። ልጁ ጎማውን ከነቸርኬው አገላብጦ አየና "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የራሷ ጎማ አይደለም" አለኝ። የሾፌሩን በር ከፍቶ ምሰሶው ላይ በጃፓንኛ የተለጠፈችውን ምልክት አሳየኝ፤ 175/65 አር 14 ትላለች። ጎማው ላይ የታተመው ግን 185/65 አር 15 ነው። የቀድሞው ባለቤት መኪናዋ ከመሬት ከፍ እንድትልለት ቸርኬውንም ጎማውንም ቀይሮ ኖሯል።

ጎማ ጎን ላይ የሚታተሙትን እነዚህን ቁጥሮች ያላየ ሰው የለም፤ አንብቦ የሚረዳቸው ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ነው፤ ይህኛው ግን ሚሊ ሜትር ሳይሆን የስፋቱ መቶኛ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስፋቱ ሲጨምር፣ ሁለተኛው ቁጥር እንዳለ ቢቀመጥ እንኳ ቁመቱ አብሮ ያድጋል። አር የምትለው ፊደል የሬዲያል ጎማ ምልክት ናት። የመጨረሻው የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው።

እነዚህን ይዘን የፋብሪካውን ጎማ እናስላ። የ175 65 ከመቶ 113.75 ይሆናል። ጎማ ከቸርኬው በላይም በታችም ስላለ በሁለት እናባዛውና 227.5 እናገኛለን። 14 ኢንች ቸርኬ 355.6 ሚሊ ሜትር ነው። ድምሩ 583.1 ሚሊ ሜትር፣ ይህ የሙሉው ጎማ ዲያሜትር ነው። የኔ መኪና ያጠለቀችው ደግሞ በዚሁ ስሌት 621.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 38 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በመቶኛ 6.6 አድጓል ማለት ነው። በዓይን ሲታይ እዚህ ግባ የማይባል ልዩነት ነው፤ እኔም ሁለት ወር ሙሉ ነድቻት አላስተዋልኩትም።

ይህ ልዩነት ቆጣሪው ላይ ምን እንደሚሠራ ለማየት፣ ቆጣሪው ራሱ ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፍጥነት ቆጣሪ መንገዱን አያይም። የሚያውቀው ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ፣ በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ጎማው ራሱ፣ ስንት ጊዜ እንደዞረ ብቻ ነው። ከዚያ የዙሩን ቁጥር ፋብሪካው ባመነበት የጎማ ዙሪያ ያባዛል። ሐሳቡ በጣም የቆየ ነው። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ከ2,000 ዓመት በፊት ስለ ሥነ ሕንፃ በጻፈው መጽሐፍ አሥረኛ ክፍል፣ መንገድ የሚለካ ሠረገላ ገልጿል። መንኮራኩሩ 400 ጊዜ ሲዞር አንድ የሮማ ማይል ይሞላል፤ ያኔ አንዲት ጠጠር በቀዳዳ ወርዳ የናስ ዕቃ ውስጥ ትወድቃለች። ማታ ጠጠሩን ቆጥሮ የቀኑን መንገድ ማወቅ ይቻላል። በዚያ ሠረገላ ላይ ተለቅ ያለ መንኮራኩር የገጠመ ሰው ያንኑ መንገድ ተጉዞ ያነሰ ጠጠር ይቆጥር ነበር። እኔም ቪትዟን ስነዳ የሆንኩት ይህንኑ ነው።

በአሮጌ መኪኖች ውስጥ ቀስቷን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ፣ ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትዘ በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት ነው። ከካምቢዮው የሚነሣ ተጣጣፊ ገመድ አንድ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ አጠገቡ ያለውን የአሉሚኒየም ጽዋ ሳይነካው፣ በሚፈጥርበት የኤሌክትሪክ ጅረት ብቻ፣ ወደ ራሱ አዟዟር ይጎትተዋል። ጽዋውን ደግሞ እንደ ሰዓት ሞላ የቀጠነች ጥምዝ ሽቦ ወደ ኋላ ትይዘዋለች። ሁለቱ ተሳስበው እኩል የሚሆኑበት ቦታ ላይ ቀስቷ ትቆማለች። ይህን ያህል የሚያምር ነገር በአንድ ገመድና በአንድ ማግኔት መሠራቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

በጃፓን መስፈርት ይህ ገመድ በየኪሎ ሜትሩ 637 ጊዜ መዞር አለበት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ቀስቷ 60 ላይ ስትሆን ገመዱ በደቂቃ 637 ዙር እየዞረ ነው። ጎማው ግን በኪሎ ሜትር ያን ያህል አይዞርም፤ 583 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው በስሌት 546 ጊዜ ገደማ ነው የሚዞረው። ሁለቱን ቁጥሮች የሚያስታርቁት ካምቢዮው ላይ ያሉ ትናንሽ ጥርሶች ናቸው፤ ብዛታቸውም የሚመረጠው ለመኪናው በታሰበው ጎማ ልክ ነው። ዛሬ ገመዱ በሴንሰር፣ ጥርሶቹ በኮምፒዩተር ተተክተዋል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩም ቢሆን የሚሠራው አስቀድሞ በተነገረው የጎማ ልክ ነው። ሌላ ጎማ መገጠሙን ሰው ካልነገረው አያውቅም።

እንግዲህ 621.5 ሚሊ ሜትሩ ጎማ ሲገጠም በኪሎ ሜትር የሚዞረው 512 ጊዜ ብቻ ነው። ዙሩ ሲያንስ ቆጣሪው ዘገምተኛ ሆንክ ይላል፤ መኪናው ግን በእያንዳንዱ ዙር ረዘም ያለ መንገድ እየሄደ ነው። ስለዚህ ቀስቷ 80 ስትል እውነተኛው ፍጥነት 85 መሆን ነበረበት። ታዲያ የወንድሜ ስልክ ለምን 83 አለ?

ይህ ጥያቄ ሁለት ቀን አስጨንቆኛል። መልሱ ያለው ፋብሪካው ሆን ብሎ በሚያደርገው ነገር ውስጥ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የወጣው ደንብ ቁጥር 39፣ ቆጣሪ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ፈጽሞ እንዳያሳይ ይከለክላል። ከእውነተኛው በላይ ቢያሳይ ግን እስከ አንድ አሥረኛ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። በእውነተኛ 80 እየሄደ ያለ መኪና ቆጣሪው 92 ቢል እንኳ ደንቡን አልጣሰም። ከተፈቀደው በታች እንዳይወርዱ አምራቾች ቀስቷን ትንሽ ወደ ላይ አዘንብለው ይሠሯታል። የኔ ቪትዝ በራሷ ጎማ ብትሄድ 80 ስትል እውነቱ 78 ገደማ ነበር። ትልቁ ጎማ ያንን መጠባበቂያ በላና ሦስት ኪሎ ሜትር አለፈው። "ትልቅ ጎማ ካስገባሁ ወዲህ ቆጣሪዬ ከስልኬ ጋር ገጠመ" ብሎ ደስ የሚለው ሾፌር ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ፋብሪካው ለደኅንነቱ የተወለትን ርቀት አውልቆ ጥሎታል።

የጎማው ጥርስ ማለቅም በተቃራኒው አቅጣጫ ይሠራል። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ አለው እንበል፤ በብዙ አገሮች ሕግ መጨረሻው 1.6 ነው። እዚያ ሲደርስ ዲያሜትሩ 12.8 ሚሊ ሜትር ቀንሷል፣ በቪትዝ ጎማ ላይ ከ2 በመቶ በላይ። ያለቀ ጎማ ቆጣሪውን ከእውነቱ በላይ ያስኬደዋል። ይህ ስሕተት ግን ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥ አይደለም።

ወደ ከፍታው ስንመጣ፣ ሰው የሚጠብቀውና የሚያገኘው አይመጣጠንም። ዲያሜትሩ 38 ሚሊ ሜትር ሲያድግ መኪናው ከመሬት የሚነሣው የዚያን ግማሽ፣ 19 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከአክስሉ በላይ ያድጋልና ፓራፋንጎውን ይጠጋል። ሃይሉክስ ላይ 265/65 አር 17 አውርዶ 285/70 አር 17 የሚያስገባ ሰው ዲያሜትሩን ከ776 ወደ 831 ሚሊ ሜትር ያሳድጋል። መኪናው የሚነሣው 27 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፋብሪካው ጎማ 100 በሚሄድበት ዙር ግን አዲሱ 107 ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ስል ከፍታ ፈላጊውን እየወቀስኩ አይደለም። በአዲስ አበባ ቪትዝ የሚነዳ ሰው በየመንደሩ መግቢያ ያለውን ብሬከር፣ በክረምት ውኃ የሞላውን ጉድጓድ፣ የተነቀለውን ኮብልስቶን ያውቀዋል። ከሆዷ በታች የሚፋቀው ድምፅ የባለቤቱን ልብ ነው የሚፍቀው። የከተማ መኪና ሞላው ሥር ማስነሻ አስገብቶ አካሉን ከፍ ማድረግ ይችላል። እንደ ሃይሉክስ ያለ ባለ ባሌስትራ መኪና ግን ሌላ ጉዳይ አለው። ባሌስትራውን የቱንም ያህል ብናስነሣው የሚነሣው አካሉ ነው፤ የኋላው ዲፈረንሻል በሁለቱ ጎማዎች መካከል በአክስሉ ላይ ስለሚኖር ባለበት ይቀራል። ድንጋዩን መጀመሪያ የሚመታው ደግሞ እሱ ነው። ዲፈረንሻልን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። የገጠር መንገድ የሚሄድ ሾፌር ትልቅ ጎማ የሚፈልገው በከንቱ አይደለም።

ዋጋውን ግን አውቆ መክፈል አለበት። ትልቅ ጎማ ማለት ካምቢዮው ሳይነካ ሁሉንም ማርሽ ማርዘም ነው። የኔ ቪትዝ መሬቱን የምትገፋበት ጉልበት በትልቁ ጎማ ምክንያት 6 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው አንድ አምስተኛ ያህሉን አስቀድሞ አጥቷል። በዚያ ላይ 6 ሲጨመር እንጦጦን ስወጣ ለምን በአንደኛ ማርሽ እንደምቀር ገባኝ። ፍሬኑም እንዲሁ ነው፤ ዲስኩ አላደገም፣ ሊያቆመው የሚታገለው ጎማ ግን አድጓል፣ ከብዷልም። አራት ሰው ተጭኖ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ጎማው የፓራፋንጎውን ውስጥ ይፍቃል። ፎር ዊል መኪና ላይ ደግሞ ፊትና ኋላ የተለያየ ልክ ማድረግ የከፋ ነው። በብዙዎቹ ላይ ፎር ዊሉ ሲገባ ሁለቱ ዘንጎች እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ፤ ጎማዎቹ ግን እኩል መዞር አይችሉም፣ ትግሉም ጥርሶቹ ላይ ያርፋል። ተጠባባቂ ጎማ ሲገዛ ይህ ይረሳል።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብሮ ይሳሳታል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት እቀይራለሁ የሚል ሰው በእንዲህ ያለ ጎማ እውነቱን 5,330 ነድቷል። በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ሄደችልኝ ብሎ የሚያዝነው 15 ያህል አስኬዳዋለች። ሲሸጥ ደግሞ 100,000 የሚለው ቁጥር 106,600 ነው፤ ያንን ገዢው አያውቅም፣ ምናልባት ሻጩም አያውቅም።

ቸርኬን ማሳደግ የግድ ጎማን ማሳደግ አይደለም። ጎሚስታውን 15 ቸርኬውን ሳልጥል ምን አማራጭ እንዳለኝ ጠየቅሁት፤ ወረቀት ላይ አብረን አሰላን። 195/50 አር 15 ቢገባ ዲያሜትሩ 576 ሚሊ ሜትር፣ ከራሷ ጎማ እንኳ ያነሰ ይሆናል። ግን ጎኑ አጭር ነው፤ አንድ ጉድጓድ ቢመታው ቸርኬው ራሱ ይጣመማል፣ ለዚህ ከተማ አልመረጥኩትም። 185/60 አር 15 603 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ቪትዝ ከጃፓን ውጭ ያሪስ ትባል በነበረበት ጊዜ ቶዮታ ራሱ ይህንንም 175/65 አር 14ንም ገጥሞባታል፤ ስለዚህ ፓራፋንጎው ይችለዋል። የማወራውን የመጠባበቂያ ርቀት ሁሉ እንደማይመልስልኝ አውቄ፣ አራት አዲስ ቸርኬ የምገዛበት ገንዘብም ስላልነበረኝ እሱን አስገባሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከወንድሜ ጋር ያንኑ መንገድ ሄድን። ቀስቷ 80 ላይ ስትቆም ስልኩም 80 አለ። ቀስቷ የምትነግረኝ እውነቱን እንደሆነና ከኋላው የተረፈ ምንም እንደሌለ ስለማውቅ፣ ምልክቱ 100 በሚልበት ቦታ ከ95 አላልፍም። መኪናዋ 9 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብላለች፤ የሰፈሬን ብሬከር ከዚያ ወዲህ የማልፈው በሰያፍ፣ አንድ ጎማ በአንድ ጊዜ ነው።