ስለ አረቄ ማውጫ መቃና ስለ ምርጊቱ አያያዝ

በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች አረቄን የምናውቀው በመለኪያው እንጂ በምድጃው አይደለም። ስለዚህ አረቄ አውጥታ ላሳደገችን እናት ሥራውን ልናቀልላት ስናስብ፥ ከከተማ ገዝተን የምንወስደው ዕቃ ብዙ ጊዜ ቱቦ ነው፤ ፕላስቲክ ወይም ጎማ፥ አለዚያም ከአሮጌ መኪና የተፈታ የመዳብ ቧንቧ። የዛሬው ንግግራችን ይህ ስጦታ ከመሰጠቱ በፊት ሊታወቅ ስለሚገባው ነገር ነው።

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አቀስታ የለጋምቦ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ፥ ዋና ሰብሉም ገብስ ነው። ከሕዝቡ የሚበዛው ሙስሊም ስለ ሆነ በብዙው ቤት ገብሱ ወደ ቀሪቦ እንጂ ወደ አረቄ አይሄድም። አረቄ በሚወጣበት ቤት ግን መሣሪያው በሌላው ደጋ እንደምናየው ነው፤ ድፍድፉ የሚፈላበት ማሰሮ፥ እንፋሎቱን የሚያወርድ መቃ ወይም ቀርከሃ፥ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ መቀበያ። መቃው ከማሰሮው ጋር የሚገጥምበት ቦታ በጭቃ ወይም በሊጥ ይመረጋል።

ይህን ምርጊት ድህነት የወለደው አድርጎ የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ ምርጊቱ ሁለት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ፥ እንፋሎቱን ይይዛል። አልኮል በባሕር ጠለል በ78 ዲግሪ ሲፈላ፥ በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ በ70 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ውሃው በዚያው ከፍታ 90 ይፈልጋል። የአልኮል እንፋሎት ደግሞ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል። ከተሰነጠቀ ምርጊት ሲያመልጥ እንደ ጢስ ወደ ጣራ አይወጣም፤ ወደ ታች፥ ማለትም ወደ እሳቱ ይወርዳል። ማድ ቤቱ የሣር ክዳን ከሆነ የሚከተለውን መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ድፍድፉ ገንፍሎ መቃውን ሲደፍነው፥ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ማሰሮውን ይገፋል። ያን ጊዜ ምርጊቱ ቀድሞ ይለቅና ማሰሮው ይድናል። መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ያጠነከረ ወይም በሽቦ የጠፈረ ሰው ይህን መተንፈሻ ዘጋው፤ ማሰሮው የሚፈነዳው ደግሞ እሳቱን በምትቈሰቁሰው ሴት ፊት ነው። እንግዲህ ምርጊቱ እንፋሎት እንዳያሳልፍ ጠበቅ፥ ግፊት ሲበረታበት እንዲለቅ ለስለስ ማለት አለበት።

አያያዙ አድካሚ አይደለም። ማሰሮውን እስከ አፉ አለመሙላት፤ ከሥራ በኋላ መቃውን በፈላ ውሃ አጥቦ በቀጭን ዘንግ መጥረግ፥ ይልቁንም በየአንጓው ላይ የሚቀረውን ዝቃጭ፤ አድርቆም ማስቀመጥ። ደርቆ የከረመ መቃ ስለሚሰነጠቅ፥ ከመግጠም በፊት በውሃ ቢነከር ያብጥና ቀዳዳውን ይሞላል። የተሰነጠቀውን በጨርቅ መጠቅለል ለአንድ ቀን ነው፤ መቃ ርካሽ ስለ ሆነ መለወጡ ይሻላል። ምርጊቱም በየጊዜው አዲስ ይሁን፤ የትናንቱ ደርቆ ይነቃል።

ስለ ብረቱ ቧንቧ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የአሮጌ መኪና ራዲያተር መጋጠሚያዎች የተበየዱት እርሳስ ባለበት ብየዳ ነው። ትኩሱ አረቄና በውስጡ ያለው ኮምጣጣ እርሳሱን እያሟሟ ይወስዱታል፤ በመልክም በጣዕምም አይለይም። የሆድ ቁርጠት፥ የእጅ መዛል፥ የደም ማነስ ያመጣል፤ በሕፃናትም ላይ ይብሳል። ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም፤ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው ማሳቹሴትስ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1723 ዓ.ም. ክዳናቸው ወይም ቧንቧቸው እርሳስ በሆነ ማውጫዎች ሮምና ሌላ ጠንካራ መጠጥ እንዳይወጣ በሕግ ከልክላለች። ፕላስቲኩም ቢሆን በትኩስ አልኮል ይለሰልሳል፤ ከራሱም ወደ መጠጡ ይለቃል፤ ከመጋጠሚያውም ይንሸራተታል።

ለእናትዎ የግድ ብረት መግዛት ከፈለጉ፥ አዲስ መዳብ ይሁን፤ የተበየደም ከሆነ እርሳስ በሌለው ብየዳ። ወደ ማሰሮው የሚገባው ጫፍ ግን እንደ ቀድሞው በሊጥ ይመረግ። ከዚህ የሚሻለው ስጦታ ምናልባት የውሃ በርሜል ነው። የመቀበያው ውሃ ሲሞቅ እንፋሎቱ ፈሳሽ መሆኑን ይተውና ባገኘው ክፍተት ያመልጣል፤ ውሃው ደግሞ ቶሎ ቶሎ የማይለወጠው ምንጩ ሩቅ ስለ ሆነ ነው።