የጀበናችን ሠሪ ማን ናት?

ውድ እናቶችና ሠራተኛ እኅቶች፣ ቡና የምታፈሉበት ጀበና ከየት እንደመጣ ልጃችሁ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? «ከገበያ» ብላችሁ ታልፉት ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ እሑድ ግን የአሥር ዓመት ልጄን ይዤ፣ አስጎብኚ ተከትዬ፣ አዲስ አበባን በእግር ዞርኩ።

የተነሣነው ከአራዳ ጊዮርጊስ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በሆነው በዚህ ደብር ንግሥት ዘውዲቱ በየካቲት 1909 ዓ.ም. ዘውድ ጭነዋል። ቀጥለን በ1898 ዓ.ም. የተቋቋመውን የእቴጌ ጣይቱን ሆቴል አየን። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ቢጎዳውም ዛሬም ቆሟል። ከዚያ ብዙም የማይርቀው ዶሮ ማነቂያ ግን በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ቡና ይጠራሩ የነበሩ ጎረቤቶችም ተለያይተዋል።

አስጎብኚያችን በዚህ አላበቃም። ወደ ሰሜን፣ ሽቅብ ወደ ቀጨኔ ወሰደን። እዚህ ሴቶች ጭቃ ያቦካሉ፤ በእጃቸው ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን ያበጃሉ፤ አድርቀውም በእሳት ይተኩሱታል። ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ወገብም ያጎብጣል። ይህን ሙያ ልጅ ከእናቷ ስትማር ኖራለች።

ታዲያ ምስጋናቸው ምን ነበር? «ቡዳ» እየተባሉ ከጉርብትናና ከጋብቻ መገለል ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን ከየጓዳችን ጨርሶ አልወጣም። ልጄ የቃሉን ትርጉም ስትጠይቀኝ አፈርኩ፤ እኔም በልጅነቴ የሰማሁት ከገዛ ቤታችን ነውና። በሰው ድስት እየበሉ ሠሪዋን መጸየፍ ነውር መሆኑን ነግሬያት፣ አንድ ጀበና ገዝተን ተመለስን።

እናንተም በዕረፍት ቀናችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ምቹ ጫማ አድርጉ፤ ውኃና ቆሎ ያዙ። ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ዕቃ ስትገዙም ከሠሪዋ እጅ ግዙ፤ ዋጋ አትጎትቱባት።

ልጆቻችን የንግሥቲቱን ስም መማራቸው መልካም ነው። የጀበናቸውን ሠሪ ማክበር ግን ከእኛ ከእናቶቻቸው ካልተማሩ፣ ከማን ይማራሉ?