የነገው ቤትና የዛሬው ደመወዝ

በቋንቋችን «ባለቤት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ቤቱ በስሙ የሆነለት ሰው ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባል ስለ ሚስቱ፣ ሚስትም ስለ ባሏ በአክብሮት ስትናገር «ባለቤቴ» የምትለው ነው። «ቤተ ሰብ» ማለትም የቤት ሰው ማለት ነው። እንግዳ ከሰው ደጅ ደርሶ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ፣ የሚጠራው በውስጥ ያሉትን ሰዎች እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ለቋንቋው አዲስ የሆነ ሹም እነዚህን ሦስት ቃላት ቢይዝ፣ ስለ ከተማ ቤት የተጻፈውን መዝገብ ለመመርመር መልካም መነሻ ያገኛል። መዝገቡ የሚቈጥረው ቤትን ነው፤ እማወራዋ በወሩ መጨረሻ ላይ የምትቈጥረው ግን ገንዘቡን ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃ አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ ተቈረቈረች። መኳንንቱ በየተሰጣቸው ኮረብታ ሲቀመጡ፣ ወታደሩና አሽከሩ በዙሪያቸው ጎጆ እየቀለሰ ሰፈረ፤ «ሰፈር» የተባለውም ከዚሁ የጦር አሰፋፈር የመጣ ቃል ነው። ባለጠጋውና ድኻው ጎን ለጎን መኖራቸውም ከዚያ ጊዜ የወረስነው ነገር ነው። ከተማዪቱ ፕላን አጥታ አታውቅም። ጣልያኖች በወረራው ዘመን አወጡላት። በ1948 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ የለንደንን ፕላን ያዘጋጁት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ሌላ አቀረቡ። ከዚያም ወዲህ እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ አንዱ ፕላን ሌላውን ሲተካ ቈይቷል። ሕዝቡ ግን ፕላኑ እስኪያልቅ አልጠበቀም። በ1953 ዓ.ም. አካባቢ 443,728 የነበረው ነዋሪ በ1987 ዓ.ም. ቈጠራ 2,112,737 ሆኖ ተገኘ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2,739,551 ደረሰ። ከዚያ በኋላ አገር አቀፍ ቈጠራ ባለመደረጉ የዛሬው ቍጥር በግምት የሚነገር ነው።

በዚሁ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። በከተማዪቱ 662,728 ቤተ ሰቦች ሲቈጠሩ፣ የተገኙት ቤቶች 628,984 ነበሩ። ልዩነቱ 33,744 ነው። እነዚህ ቤተ ሰቦች በሜዳ ያደሩ አይደሉም፤ ከሌላው ጋር ተዳብለው ያደሩ ናቸው። እንዲህ በአንድ ጣራ ሥር የሚጠጋውን ሰው «ደባል» እንለዋለን። የተዳር ልጅ ሙሽራዋን ይዞ ከእናቱ ጓዳ ሲገባ፣ በመጋረጃ የተከፈለ አንድ ክፍል ለሁለት ትዳር ሲሆን፣ በመዝገቡ ላይ የሚታየው አንድ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጐድለውን ቤት ለማወቅ የፈረሰውን ጣራ መቍጠር ብቻውን አይበቃም።

የነገውን ቤት ብዛት የሚያሰላ ሰው ሥራው በመጠኑ ቀላል ነው። ለሒሳቡ እንዲያመች ከተማው 5 ሚልዮን ሰው አለው፣ በአንድ ቤትም አራት ሰው ይኖራል እንበል። 1,250,000 ቤት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሕዝቡ በየዓመቱ ከመቶ 4 እጅ ቢጨምር 50,000 አዲስ ቤት ይፈለጋል። አንድ ቤት ደግሞ ኀምሳ ዓመት ቢያገለግል፣ ያረጀውን ለመተካት በየዓመቱ 25,000 ይጨመራል። ድምሩ 75,000 ነው፤ ይህም ለደባሎቹ የሚያስፈልገውን ሳይጨምር ነው። በባሕር ዛፍ ማገርና በጭድ በተቦካ ጭቃ የተሠራ ቤት በበዛበት ከተማ ኀምሳ ዓመት ማለትም ለጋስ ግምት ነው። ይህን ሁሉ አንድ ጸሓፊ በግማሽ ቀን ሊሠራው ይችላል። አስቸጋሪው ጥያቄ «በየወሩ ማን፣ ስንት ይከፍላል?» የሚለው ነው።

በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለዚህ ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቶ ነበር። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ፤ ኪራይም ቀነሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ፣ ከዚያ የሚበልጡት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ለብዙ ዓመታት በወር ጥቂት ብር ብቻ ሲከፍል ኖረ። ዳሩ ግን በጥቂት ብር ቆርቆሮ አይታደስም። ቀበሌው ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩም የእኔ ባልሆነ ቤት ላይ ለምን አወጣለሁ ይላል፤ ክረምቱም መጥቶ ጣራው ያፈስሳል። ስለ ቀበሌ ቤት ክፉው ብዙ ተጽፏል። ነገር ግን አንድ ደግነት ነበረው፤ ጕልት የምትቸረችረውን እናት ከገበያዋ፣ የቀን ሠራተኛውንም ከሥራው አጠገብ አስቀምጦት ነበር። ይህን ደግነት በብር ተምኖ በሒሳብ ውስጥ ያገባ መሐንዲስ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ኮንዶሚኒየም ነው። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ ተሞከረ፤ ቀጥሎም በመላው አገር 400,000 ቤት ለመሥራት ታቅዶ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ 171,000 ያህል ተሠራ። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የሚባሉት ሰፈሮች እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ከተማ ናቸው። ከሚወጣው ቤት ከመቶ 30 እጁ ለሴቶች ተለይቶ መያዙም የሚመሰገን ነው። ቤቱ ለተመዘገበው ሁሉ ስለማይበቃ የሚሰጠው በዕጣ ሆነ። የቤቱ ዓይነት በቍጥር ይጠራል፦ 10/90፣ 20/80፣ 40/60። የመጀመሪያው ቍጥር ተመዝጋቢው አስቀድሞ የሚቈጥበው፣ ሁለተኛው ባንክ የሚያበድረው ነው። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ከ900,000 የሚበልጥ ሰው ስሙን አስገባ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 ቤቶች የወጣው ዕጣ የኮምፒዩተሩ መዝገብ ተነካክቶ በመገኘቱ ሲሰረዝና በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ሲወጣ፣ ሕዝቡ እንዴት አድርጎ እንደ ተከታተለው የሚረሳ አይደለም። በዕቁብ የገባ ሰው ተራው ዘግይቶም ቢሆን እንደሚደርሰው ያውቃል፤ የቤት ዕጣ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም።

አሁን ወደ እማወራዋ ሒሳብ እንመለስ። ባልና ሚስት በአንድነት በወር 6,000 ብር ያገባሉ እንበል። ለቤት የሚወጣው ገንዘብ ከገቢው ሢሶ፣ ማለት ከሦስት አንዱ እጅ እንዳይበልጥ የሚመክሩ አሉ፤ ስለዚህ አቅማቸው 2,000 ብር ነው። ያንኑ 2,000 ብር ለተከራዩት ክፍል ይከፍላሉ። የተመዘገቡበት የ20/80 ቤት ዋጋው 300,000 ብር ቢሆን፣ ከመቶ 20 እጁ 60,000 ብር ነው፤ በአምስት ዓመት ለመሙላት በየወሩ 1,000 ብር ማስቀመጥ አለባቸው። ገና ቤቱን ሳያዩት ከደመወዛቸው እኩሌታው ለቤት ሄደ። ዕጣው ወጣላቸው እንበል። የቀረውን 240,000 ብር ባንክ በዓመት ከመቶ 9.5 እጅ ወለድ ለሃያ ዓመት ቢያበድራቸው፣ የወሩ ክፍያ 2,237 ብር ይሆናል። ሃያው ዓመት ሲያልቅ የተከፈለው ከብድሩ እጥፍ ይበልጣል፤ ቢሆንም በወር ሲታይ የሚቻል ነው።

ነገር ግን ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ሲሚንቶና ብረት ተወዶ የቤቱ ዋጋ 600,000 ብር ቢደርስስ? የቈጠቡት 60,000 ብር ከመቶ 20 እጅ መሆኑ ቀርቶ ከመቶ 10 ሆነ። ሌላ 60,000 ከዕቁብ፣ ከዘመድ፣ ወይም ዓረብ አገር ሠርታ ከምትልክ እኅት ይፈለጋል። እርሱም ከተገኘ በኋላ የወሩ ክፍያ 4,474 ብር ይሆናል፤ ከ6,000 ብር ደመወዝ ላይ ይህን ቀንሶ ልጅ ማሳደግ እንዴት እንደሚቻል አንባቢ ራሱ ይገምት። ቤቱም ሳይጠናቀቅ ስለሚረከቡት ቀለሙና ወለሉ የራሳቸው ወጪ ነው፤ ከኮዬ ፈጬ ወደ መርካቶ የሚወስደው አውቶቡስም በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።

እንግዲህ ባለ ዕድሉ ምን ያደርጋል? ቤቱን ደኅና ደመወዝ ላለው ሰው ያከራየዋል፤ በሚያገኘው ኪራይ የባንኩን ዕዳ ይከፍላል፤ እርሱ ራሱ በርካሽ ወደሚከራይ ክፍል ተመልሶ ይገባል። ሕጉ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ቤቱን መሸጥ ከልክሎታል እንጂ ማከራየትን አልከለከለውም። ይህን ያደረገውን ሰው በስግብግብነት የሚወቅሱ አሉ። እኔ ግን አልወቅሰውም፤ ሒሳብ ያውቃል። ጥፋቱ ለድኻ ተብሎ የታሰበው ቤት በመሸጫ ዋጋው መለካቱና የወሩ ክፍያ የመጨረሻ ሐሳብ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ርካሹ ክፍል የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በሰው ግቢ ውስጥ ነው፤ «ሰርቪስ» ይባላል። አዲስ ትዳር የሚመሠረተው፣ ከጠቅላይ ግዛት የመጣችው ሠራተኛ የምታድረው፣ ጡረተኛውም የሚጦርበትን ኪራይ የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ኑሮው በአከራይዋ እመቤት ፈቃድ የሚመራ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን፣ ውሃ የሚቀዳበት ሰዓት፣ የማታ በር የሚዘጋበት ጊዜ ይወሰናል፤ ልጅ ሲወለድ ደግሞ «ልቀቁልኝ» ሊባል ይችላል። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራዩም በአከራዩ ፈቃድ ብቻ እንዳይጨመር አዝዟል። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም አንድ ሰርቪስ ጨምሮ ለመሥራት ያሰበው ጡረተኛ ገንዘቡን በሌላ ነገር ላይ ቢያውለው፣ አዋጁ የሚጠብቀው ክፍል እንጂ አዲስ ክፍል አይገኝም። ስለዚህ በግቢው ሁለትና ሦስት ክፍል ለሚጨምር ሰው ፈቃዱን ማፋጠንና አነስተኛ ብድር መስጠት፣ ርቆ ከሚሠራው ፎቅ ጋር አብሮ በፕላን ውስጥ ሊገባ የሚገባው ይመስለኛል። መንገዱ፣ ውሃውና መብራቱ አስቀድሞ ተዘርግቷልና።

ስለ ፎቁም ጥቂት ልጨምር። ኮንዶሚኒየሙ ብዙ ጊዜ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካኑ በደረጃ ይወጣል፤ የሚሸከሙትም እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። በግ ለማረድ፣ ልብስ ለማጠብና እንጀራ ለመጋገር ተብሎ በየግቢው የጋራ ቤት መሠራቱ ሐሳቡ ከአኗኗራችን የተቀዳ መልካም ሐሳብ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ የተበተነው ዕድር ግን ወዲያው አይተካም፤ ድንኳኑና ሳሕኑ ከአሮጌው ሰፈር ይቀራል፣ ልቅሶ ሲደርስ ጎረቤት የጎረቤቱን ስም አያውቅም።

ወደ ፊት ለቤት ምዝገባ በሚወጣው ቅጽ ላይ ከስምና ከዕድሜ በታች አራት መሥመር ቢጨመር ብዙ ወረቀት አይፈጅም፦ ዛሬ በወር ስንት ኪራይ ትከፍላለህ? የሥራህ ቦታ የት ነው? በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድራል? ከእናንተ ጋር ደባል አለ ወይ?