በመካነ ሰላምና አካባቢዋ ወጣት የጤና ሠራተኞች የመሥሪያ ቤት ባህልን እንዴት ያዩታል?

የቦረና ወረዳ ማዕከል ከሆነችው መካነ ሰላም ወደ ሳይንት፣ ወግዲና ከላላ የሚዘረጋው ደጋ ወደ ዓባይና በሽሎ በሚወርዱ ሸለቆዎች የተቆራረጠ ነው። በዚህ መልክዓ ምድር በየቀበሌው ለኅብረተሰቡ ቅርብ የሆነችው የመንግሥት የጤና ሠራተኛ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ለ1 ዓመት ሠልጥነው፣ በአማካይ 5 ሺህ ነዋሪ ባለው ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲመደቡ ተደርጓል። በመነሻው 16 የነበሩት የሥራ ፓኬጆች በኋላ 18 ደርሰዋል። ከሥራ ጊዜዋ ሦስት አራተኛውን ቤት ለቤት በመዘዋወር እንድታሳልፍም ታስቦ ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው ትእዛዙ ከማን እንደሚመጣ ሲጠየቅ ነው። በአደረጃጀቱ አምስት ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይደገፋሉ። ከጤና ጣቢያው በላይ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አለ፤ የቀበሌው አስተዳደርም የዘመቻና የቅስቀሳ ሥራ ያዛል። በመሆኑም አንዲት ወጣት ሠራተኛ የክትባት ቀጠሮዋን አቋርጣ ከጤና ጋር የማይገናኝ ስብሰባ እንድታስተባብር ልትጠየቅ ትችላለች። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ግን የምትገመገመው በክትባቱ አፈጻጸም ነው።

ከወጣቶቹ ቅሬታ ሰፊውን ስፍራ የሚይዘውም ይኸው ግምገማ ነው። ከትጥቅ ትግሉ ዘመን የመነጨው የሒስና ግለ ሒስ ልማድ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች መግባቱ ይታወቃል። በኋላም በ1 ለ 5 አደረጃጀት እስከ ታች ወርዷል። ሐሳቡ ድክመትን በጋራ ማረም ቢሆንም፣ በብዙ መድረክ ጥፋተኛ ወደ መፈለግ ማዘንበሉ አልቀረም። አዲሷ ሠራተኛ የመድኃኒት እጥረትን እንደ ምክንያት ስታነሳ «ሰበብ ታበዣለሽ» ከተባለች፣ በሚቀጥለው ወር ያልተሠራውን እንደተሠራ አድርጋ መጻፍ ይቀላታል። በዚህ የሚጎዳው በተሳሳተ ሪፖርት ዕቅድ የሚያወጣው ጽሕፈት ቤት ራሱ ነው። ተቆጣጣሪው ጤና ኬላው ድረስ ሄዶ፣ መዝገቡን አብሮ አይቶ የሚያርምበት ድጋፋዊ ክትትል የታሰበውም ለዚህ ሲሆን፣ መኪናና ነዳጅ ሲጠፋ በቅድሚያ የሚሰረዘው ግን እርሱ ነው።

ዝውውር ሌላው ጥያቄ ነው። ባለሙያዋ በተቻለ መጠን ከቀበሌዋ ተመልምላ እዚያው እንድታገለግል በመታሰቡ፣ ትዳር መሥርታ ወደ ሌላ ወረዳ መዛወር ስትፈልግ በቀላሉ ፈቃድ አታገኝም። የደረጃ ማሻሻያ ሥልጠናው ቢኖርም ተራው ረጅም ነው።

በሆስፒታሎች ያሉ ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች ጥያቄ በአገር ደረጃ የተሰማ ነው። ባለሙያዎቹ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ባደረጉት ውይይትም ሆነ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሥራ እስከማቆም በደረሱበት ወቅት ስለ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራ ጫናና ስለ ሥራ ቦታ ሁኔታም አንስተዋል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተከሰተው ግጭት ደግሞ የደኅንነትን ጥያቄ አክሎበታል።

ከ2008 ዓ.ም. የጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ባለሙያው ለታካሚ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ እንዲሆን ከያዛቸው ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎታል። ወጣቶቹ የሚጠይቁት እነዚሁ ሦስት ቃላት ኃላፊው ሠራተኛውን በሚያነጋግርበት መድረክም እንዲሠሩ ነው።