ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ ንግግር

ሕዝብ ለአንድ ሰው ያለውን አክብሮት የሚገልጽባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። በአገራችን ጀግና ድል አድርጎ ሲመለስ ይፎክራል፣ ይሸለልለታልም፤ ሲሞት ሙሾ ይወርድለታል፤ ዐርባው ሲደርስ ተዝካሩ ይወጣል። አዝማሪውም ስሙን በማሲንቆ እያጀበ ከአገር አገር ያዞረዋል። በዚህ ምንባብ የምናየው አከባበር ግን ከእነዚህ ሁሉ ለየት ያለ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በተወለደበት ቀን፣ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰብስቦ የራሱን የሟቹን ዘፈኖች በመዝፈን የሰጠው ክብር ነው። ሰውየው ጃማይካዊው ቦብ ማርሌ ነው፤ ቀኑ እሑድ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ቦታውም የአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ነበር።

አዲስ አበባን የምታውቁ ተማሪዎች ቦታውን በዐይነ ኅሊናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ከካዛንችስ ተነሥታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ በመጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ታገኛላችሁ። በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል ያለበት የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው በዚሁ ግቢ ነው። ከዚያ ጥቂት ዝቅ እንዳላችሁ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎም እንደ ደረጃ የተደረደረው ሰፊ አደባባይ ይመጣል። ይህ ሁሉ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሲሆን መንገዱ በእግር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የቦታውን አቀማመጥ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የምተርክላችሁ ነገር ከአዳራሹ ተነሥቶ፣ ውቅያኖስ ሁለት ጊዜ ተሻግሮ፣ ከአርባ ዓመታት በኋላ አደባባዩ ላይ የደረሰ የአንድ ንግግር ጉዞ ነውና።

ቦብ ማርሌ ጥር 29 ቀን 1937 ዓ.ም. ናይን ማይል በምትባል የጃማይካ የገጠር መንደር ተወለደ። በሙያው ዘፋኝ እንጂ ፖለቲከኛ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ብዙዎች ከሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ጋር የሚቈጥሩት ስለ ዘፈኖቹ ፍሬ ነገር ነው። የባርነት ዘር የሆኑ ጥቁር ሕዝቦችን ድህነትና ውርደት እያነሣ ዘፍኗል። ሚያዝያ 14 ቀን 1970 ዓ.ም. የጃማይካ ሁለት ተቀናቃኝ ፓርቲዎች ደጋፊዎች እርስ በርሳቸው በሚገዳደሉበት ሰዓት፣ የፓርቲዎቹን መሪዎች ማይክል ማንሌንና ኤድዋርድ ሲያጋን ከመድረክ ላይ አውጥቶ እጅ ለእጅ አያይዟቸዋል። ዚምባብዌ ነጻነቷን በተቀዳጀችበት ሌሊት፣ በሚያዝያ ወር 1972 ዓ.ም.፣ በዋና ከተማዋ ስታዲየም የዘፈነው እርሱ ነው። ከዚህ በኋላ ብዙ አልቈየም፤ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ በካንሰር በሽታ ሞተ። ከመሞቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ የሚል የክርስትና ስም ተሰጥቶት ነበር።

በዘፈን ሰውን ማክበር በርሱ አልተጀመረም። ኔልሰን ማንዴላ በእስር ላይ ሳሉ 70ኛ የልደት በዓላቸውን ምክንያት በማድረግ ሰኔ 4 ቀን 1980 ዓ.ም. በለንደን ዌምብሌ ስታዲየም ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደርጎላቸዋል። ልዩነቱን ልብ በሉ። የዌምብሌው ዝግጅት በሕይወት ያለ እስረኛ እንዲፈታ የሚጠይቅ ስለ ነበር ከበዓልነቱ ይልቅ አቤቱታነቱ ይበልጣል፤ ማንዴላም ከአንድ ዓመት ከስምንት ወር በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ተፈቱ። የመስቀል አደባባዩ ግን ምንም የሚጠይቀው ነገር አልነበረም። ታዲያ ጃማይካዊ ዘፋኝ 60ኛ ዓመቱ ለምን በአዲስ አበባ ይከበራል? ለዚህ የተለመደው መልስ የራስ ተፈሪያውያን እምነት ነው። ቦብ ማርሌ የእምነቱ ተከታይ እንደ ነበር፣ የእምነቱም ሰዎች ኢትዮጵያን እንደ ተስፋ ምድር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንም ከሰው በላይ አድርገው እንደሚያዩ የታወቀ ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለአማርኛ ተማሪ ከዚህ የሚቀርብ ሌላ መልስ አለ።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በስብሰባው የተወከሉት አገሮች 32 ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ኒው ዮርክ ሄደው በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆሙ። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ያሰሙትን አቤቱታ አስታወሱ፤ የአዲስ አበባውን ስብሰባ ውጤትም ለጉባኤው ገለጹ። ከዚያም ዓለም ሰላም የሚያገኘው በምን በምን ሁኔታ እንደ ሆነ ሲዘረዝሩ ስለ ዘር እኩልነት፣ ስለ ሰብአዊ መብት፣ በጭቆና አገዛዝ ሥር ስለሚማቅቁት ስለ አንጎላ፣ ስለ ሞዛምቢክና ስለ ደቡብ አፍሪካ ሕዝቦች ተናገሩ። ንግግሩ የተደረገው በአማርኛ ነው። የጉባኤው መልእክተኞች የተረዱት በእንግሊዝኛው ትርጉም አማካይነት ነበር።

ስለ ንግግሩ አሠራር ጥቂት እንመልከት። ያ የሰላም ዝርዝር «እስከ» በሚለው መስተዋድድ የታሰሩ ብዙ ሐረጎችን ይደረድራል፤ አንዱ ሐረግ ሳይቋጭ ሌላው ይቀጥላል፤ አድማጩም ፍርዱን የሚሰማው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ አነጋገር የተመቸ ቋንቋ ነው፤ ማሰሪያ አንቀጹ ምንጊዜም በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይገኛልና። ቀለል ያለ ምሳሌ ውሰዱ፦

ዝናቡ እስኪያባራ፣ ጭቃው እስኪደርቅ፣ ወንዙም እስኪጎድል ድረስ መንገደኛው ከዛፉ ሥር ቆየ።

«ቆየ» የሚለው ማሰሪያ ባይመጣ ኖሮ ዝናቡም ጭቃውም ወንዙም በአየር ላይ ተንጠልጥለው በቀሩ ነበር። አንባቢውም እንደ መንገደኛው ይጠብቃል። ንጉሠ ነገሥቱ የተጠቀሙበት ስልት ይኸው ነው፤ ጉባኤውን አስጠብቀው አስጠብቀው፣ እነዚህ ሁሉ እስኪፈጸሙ ድረስ ዘላቂ ሰላም ሕልም ሆኖ እንደሚቀር በመጨረሻ አሰሩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ንግግሩ እንደ ብዙ ንግግሮች በመዝገብ ቤት ተኝቶ ሊቀር ይችል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ሲጎበኙ ግን እጅግ ብዙ ሕዝብ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆ ተቀበላቸው፤ ከተመልካቾቹም አንዷ የቦብ ማርሌ ባለቤት ሪታ ነበረች። የራስ ተፈሪያውያን ኅብረተሰብ የንጉሠ ነገሥቱን ቃል በታላቅ ጥንቃቄ የሚያነብና የሚያጠና በመሆኑ የኒው ዮርኩም ንግግር የእንግሊዝኛ ትርጉም በመካከላቸው ይታወቅ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ቦብ ማርሌና ዌይለርስ ባሳተሙት «ራስታማን ቫይብሬሽን» በተባለው ሸክላ ላይ «ዎር» የሚል ዘፈን ወጣ፤ ትርጉሙ ጦርነት ማለት ነው። የግጥሙ ቃላት ከሞላ ጎደል ከዚያ ንግግር የተወሰዱ ናቸው። ደራሲዎች ተብለው የተመዘገቡት አለን ኮልና የቡድኑ ከበሮ መቺ ካርልተን ባሬት ናቸው።

አሁን ከላይ ወደ ተሰጠው ምሳሌ ተመለሱ። ዘፈኑ ንግግሩን ሲወስድ ቃሉን እምብዛም አልለወጠም፤ የለወጠው አስተሳሰሩን ነው። ተናጋሪው ማሰሪያውን ለመጨረሻ ሲያቈይ ዘፋኙ ግን ከየሐረጉ በኋላ ርእሱ የሆነውን አንዱን ቃል እየመላለሰ ያመጣዋል። በምሳሌያችን «ዝናቡ እስኪያባራ ቆየ፤ ጭቃው እስኪደርቅ ቆየ፤ ወንዙ እስኪጎድል ቆየ» እንደ ማለት ነው። በአዳራሽ የተቀመጠ መልእክተኛ ረጅም ዐረፍተ ነገር በትዕግሥት ይከታተላል፤ አደባባይ የቆመ ሕዝብ ግን ተቀብሎ የሚመልሰው ቃል ይሻል። ይህ የተቀባይነት ባሕርይ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በዘፈናችን አውጪውና ተቀባዩ የሚከፋፈሉት ሥራ ነው።

ዘፈኑ በወጣበት ጊዜ የቃሉ ባለቤት በሕይወት አልነበሩም፤ ከሥልጣን ወርደው ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞተዋል። በዘመናቸው በኒው ዮርክ ስለ ሰብአዊ መብት ያን ያህል የተናገሩት ንጉሥ በአገራቸው አንድም የፖለቲካ ፓርቲ እንዲቋቋም አልፈቀዱም፤ ገበሬውም በጭሰኝነት ሥር ነበር። ይህን ሳያነሡ ንግግሩን ብቻ ማወደስ ተገቢ አይመስለኝም። ሆኖም ንግግሩ ከተናገሩት ሰው እጅ ወጥቶ በሌላ አፍ ሲነገር ለማንም የሚያደላ አልሆነም። በንግግሩ ከተጠሩት አገሮች ሞዛምቢክ በ1967 ዓ.ም.፣ አንጎላ በ1968 ዓ.ም. ነጻ ወጡ፤ በደቡብ አፍሪካም በ1986 ዓ.ም. ሁሉም ዜጋ የመረጠበት ምርጫ ተደረገ። እንግዲህ የመስቀል አደባባዩ በዓል ሲደርስ በስም ከተጠሩት ሦስት አገሮች አንድም በዘረኛ አገዛዝ ሥር የቀረ አልነበረም።

በዓሉን ያዘጋጁት የማርሌ ቤተሰብ ድርጅት፣ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ከሌሎች ጋር በመተባበር ነበር። ለዝግጅቱ የተሰጠው ስም «አፍሪካ ዩናይት» ሲሆን ይህም የራሱ የቦብ ማርሌ የአንድ ዘፈን ርእስ ነው። ሪታ ማርሌና ልጆቹ በመድረኩ ላይ ተሰልፈዋል፤ ሴኔጋላውያኑ ዩሱ ንዱርና ባባ ማል፣ ቤኒናዊቷ አንጀሊክ ኪጆም ከአፍሪካ ዘፋኞች መካከል ነበሩ። አደባባዩን የሞላው ሰው በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ነበር። በዚያው ሰሞን የቦብ ማርሌ ዐፅም ወደ ኢትዮጵያ ይመጣል የሚል ወሬ ተነሥቶ ብዙ አነጋግሯል፤ ዐፅሙ ግን ዛሬም በናይን ማይል ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው፣ የበዓሉ ዘፈኖች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ መሆናቸው ነው። በአደባባዩ ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ የቦብ ማርሌን ዘፈኖች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተዋቸዋል፤ «ዎር» የሚለው ዘፈን ግን መጀመሪያ በአማርኛ የተነገረ ንግግር መሆኑን ስንቱ ያውቅ ይሆን? ቃል ከአገር አገር ሲዞር ልብሱን መቀየሩ የታወቀ ነገር ነው። ካዛንችስ የሚለው ስም ራሱ፣ ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞች ያሠሯቸውን ቤቶች ይጠሩበት ከነበረው ከ«ካዜ ኢንቺስ» የመጣ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ለውጦ የራሱ አደረገው። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች አብዛኛው በመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል፤ ነገር ግን ሰው ሰፈሩን የሚጠራው ዛሬም በዚያው በጣልያን ቃል ነው። «ካዛንችስ» መጥቶ አማርኛ ሆነ፤ የኒው ዮርኩ ንግግር ሄዶ እንግሊዝኛ ሆነ።

ምናልባት ከእናንተ መካከል ዘፈኑን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ይኖር ይሆናል። ቃላቱን ማግኘት ብዙ አያስቸግረውም፤ የሚያስቸግረው የማሰሪያው ነገር ነው። ንግግሩን ከተከተለ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻ ማቈየት አለበት፤ ያን ጊዜ ዜማው የሚመልሰው ቃል ያጣል። ዘፈኑን ከተከተለ በየሐረጉ ማሰር አለበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጉባኤውን ያስጠበቀው ረጅሙ ዐረፍተ ነገር ይበጣጠሳል። የትኛውን ትመርጣላችሁ?